ስምንት የተጣሉ ድምፆች

ጥቅምት 14

ብርዱ ገባ። ጠዋት የሮማው ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ። ለምንከባከባቸው ለሲኞራ ኢዳ ብርቱካንና ዓሣ፣ ለቤቴ ምስር። በርበሬ የለም። ሻጩ «ዶማኒ» አለኝ… ለእሱ ሁሉም ነገር ነገ ነው።

ስመለስ ሲኞራ ጋዜጣ ይዘው ተቀምጠዋል። ገልብጠውታል። ብርቱካኑን መላጥ ጀመርኩ። ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዳር ዳሩ ይታያቸዋል፣ መሃሉ ጨለማ ነው። በሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው «አንብቢልኝ» ማለት አሁንም ይተናነቃቸዋል።

ከሰዓት በኋላ ከካናዳ ኢሜይል መጣላቸው። እኔ አነበብኩት። ሊንዚ የምትባል ወጣት፣ የክፍለ ሀገሩ የሊበራል ፓርቲ ጸሐፊ ናት። ሲኞራ ሠላሳ አንድ ዓመት የተቀመጡበት ወንበር ላይ ነው ያለችው። «በመጋቢት ጉባኤ ስማችንን ልንቀይር ነው። ከዚያ በፊት የፓርቲውን ታሪክ በትንሽ መጽሐፍ ማሳተም እንፈልጋለን። ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም» ትላለች።

ደግሜ አነበብኩላቸው። ሦስተኛም አስነበቡኝ።

«ሰብለ፣ ታይፕ እችላለሁ ብለሽኝ አልነበር?»

«አዎ። አዲስ አበባ እንጀራዬ እሱ ነበር።»

«በስንት ጣት?»

«በአሥሩም።»

«አሎራ፣ ነገ እንጀምር።»

ጥቅምት 17

ነገ ያሉት ዛሬ ሆነ። እሳቸው በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እንግሊዝኛቸው የሮማ ዜማ ስላለው አይከብደኝም። ስሳሳት ማክዳ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ታርምልኛለች፤ «ማማ፣ ማ ኬ አይ ስክሪቶ?»፣ ምንድን ነው የጻፍሽው፣ እያለች። ልጄ ስትገሥጸኝ በጣልያንኛ ነው።

ዛሬ የተማርኩት፦ ካናዳ ውስጥ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ፓርላማ አለው። የሲኞራ ሊበራል ፓርቲ የክፍለ ሀገሩ ነው። በዋና ከተማው ደግሞ ሌላ ሊበራል አለ። ስማቸው አንድ፣ ቤታቸው ሁለት።

«ታዲያ ለምን አንድ ስም?»

ሳቁ። «እኛንም የገደለን እሱ ነው። ዋና ከተማው ባጠፋ ቁጥር ገበሬው እኛን ቀጣን። ‹እኛ ሌላ ነን› ብዬ ስንት በር እንዳንኳኳሁ… ከውሻ በቀር ያዳመጠኝ የለም።»

ጥቅምት 25

ሦስት ምዕራፍ አለቀ። ደስ ይላል። ስንዴና ሰማይ ብቻ ያለበት አገር… በሃያ ሁለት ዓመታቸው ከሮማው ሳን ሎሬንሶ ሰፈር ተነሥተው እዚያ የገቡት ባላቸው ኔሎን ተከትለው ነው። ኔሎ የወለል ንጣፍ ሠራተኛ ነበር። ኋላ የፓርላማ አባል ሆነ። እሱ ሲሞት ሲኞራ ወደ ሮማ ተመለሱ።

ክረምት ላይ መኪናው እንዳይበርድ በኤሌክትሪክ ገመድ ይሰካል አሉኝ። እንደ ስልክ! ስብሰባው በረዘመ ቁጥር ሰው የሚጨነቀው ለንግግሩ ሳይሆን ለሞተሩ ነው። ፓርቲው በሥልጣን ዘመኑ ለገበሬው መብራት አስገባ፣ መንገድ አወጣ። እሳቸው ሲናገሩት መንገዱን በእጃቸው የጠረጉ ይመስላሉ።

ኅዳር 8

«ሃያ ስድስት ወንበር፣ ከዚያ አሥራ አንድ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ አንድ። አሁን ባዶ» አሉኝ፣ ጣታቸውን እያጠፉ። ከግራና ከቀኝ ሌሎቹ መጥተው መሃሉን በሉት። «መሃል የቆመ ሰው ከሁለቱም ወገን ነፋስ ያገኘዋል።»

ማታ ማታ ሣል ይዟቸዋል። ሐኪሙ ምንም አይደለም ብሏል።

ኅዳር 24

ዛሬ ስድስተኛው ምዕራፍ። ጠዋት ቁርስ አልበሉም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነው የተናገሩት። አንድ ገጽ ብቻ። 

በፈረንጅ 1971፣ ክረምት፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ። ፓርቲው በአካባቢው ለምርጫ የሚያቀርበውን እጩ አባላቱ በድምፅ ይመርጣሉ። ሁለት ተወዳዳሪ፦ ባላቸው ኔሎ፣ እና ኦሪሲያ የምትባል የዩክሬን ዘር ያላት አስተማሪ። ሲኞራ ቃለ ጉባኤ ያዥ ናቸው። ቆጠራው ሲያልቅ ኦሪሲያ 214፣ ኔሎ 209።

የፓርቲው ሊቀ መንበር በሩን ዘጋ። «ይህች ከተማ ሴት አትመርጥም። ወንበሩን እናጣለን» አለ። ከኦሪሲያ ወረቀቶች ስምንቱን አወጣ። ይሄኛው ምልክቱ ከመስመር ወጥቷል፣ ያኛው ቆሽሿል… የተበላሸ ድምፅ ይባል አለ። ሲኞራን አያቸው። ሲኞራ ጻፉ። ኔሎ 209፣ ኦሪሲያ 206።

«ብዕሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። አላስገደደኝም። ባሌ እንዲያሸንፍ ፈልጌ ነበር» ብለው አስጻፉኝ። ከዚያ፦ «ኔሎ አላወቀም። እስኪሞት አልነገርኩትም። ኦሪሲያ መጥታ እጄን ጨበጠች፤ ‹ስለ ቆጠራው አመሰግናለሁ› አለችኝ። ያን የምርጫ ወራት ኔሎን በራሷ መኪና እየነዳች በየገበሬው ቤት አዞረችው።»

ዘወር አሉ። «ነጥብ አድርጊ» አሉኝ። ነጥብ አደረግኩ።

ኅዳር 26

እሑድ። ልጃቸው ብሩኖ ከካናዳ ይደውላል። ዛሬ እናቱን ማናገር አልበቃውም፤ «ሰብለን ስጪኝ» አለ። ለካ ነግረውታል።

«እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል። ትቀላቅላለች። ያን ገጽ እንዳትልኪው።»

«ሲኞር ብሩኖ፣ እናትዎ አይቀላቅሉም…»

«የከተማችን አዳራሽ የሚጠራው በአባቴ ስም ነው። እኔም በዚያ ስም ነው የምኖረው። ስሚኝ፤ የሥራ ኮንትራቶሽ በታኅሣሥ ያልቃል፤ አድሰዋለሁ፣ ቫ ቤኔ? እሷ እንደሆነ አታይም። ገጹ ቢጎድል ማን ያውቃል?»

ማንም አያውቅም። እውነቱን ነው።

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ፔርሜሶዬ፣ በጥር ያልቃል። ያለ ኮንትራቶ አይታደስም። የማክዳ ከእኔ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዘንድሮ የመጨረሻ ፈተናዋ ነው። ምን ላድርግ?

ኅዳር 28

ሣባን አማከርኳት። አሥመራ በአማርኛ የተማረች ናት፤ በዚህች ከተማ የሆዴን የምነግራት እሷን ብቻ ነው። ፖሊስ ስደተኞቹን ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንፃ ያስወጣቸው ጊዜ እሷም ነበረች። አደባባዩ ላይ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ያገኘኋትን አልረሳም።

«የሰው አገር ፖለቲካ ነው» አለችኝ። «ያውም የሞተ ፓርቲ! አንቺ ወረቀትሽን ያዢ። እኔ ሜዳ ላይ ስጣል ታሪክ ጸሐፊ አልመጣልኝም።»

እውነቷን እኮ ነው።

ታኅሣሥ 1

ላክሁት። ያለ ገጹ።

ታኅሣሥ 2

ሲኞራ «ስድስተኛውን አንብቢልኝ» አሉ። ከመጀመሪያው ረቂቅ አነበብኩላቸው፣ ሙሉውን፣ እንደ ተላከ አድርጌ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ይህ ነው ያስፈራኝ… ምንም አልተንቀጠቀጠም።

«ጥሩ ነው። ሄደ አይደል?»

«ሄደ፣ ሲኞራ።»

ታኅሣሥ 9

ሊንዚ መለሰች፤ «ድንቅ ነው፣ የመንገዱ ታሪክ በጣም ደስ አለን» ብላ።

«ስለ ስድስተኛው ምዕራፍስ?»

«ምንም አላለችም።»

«ምንም?»

ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 15

አይበሉም። ሾርባውን እያማሰሉ ያቀዘቅዙታል። ዛሬ፦ «ሰብለ፣ ሃምሳ ዓመት ይህን ነገር ሰው ቢሰማ ምድር ትከፈታለች ብዬ ፈራሁ። ለካ ማንም ግድ የለውም። ለካ ኦሪሲያ ያን ያህል እንኳ ዋጋ የላትም» አሉኝ።

እንዲህ ያሉት በእኔ ምክንያት ነው። እሳቸው እውነቱን ተናገሩ፤ ዓለም ዝም አለቻቸው ብለው አዘኑ። ዓለም ግን አልሰማችም። ጆሮዋን የደፈንኩት እኔ ነኝ።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቆምኩ። ጸሎቱ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 20

ነገርኳቸው።

ጠዋት ፀጉራቸውን እያበጠርኩ ነበር። ከኋላቸው ሆኜ ይሻላል ብዬ… ከዚያ አፈርኩና ዞሬ ፊት ለፊት ተንበረከክሁ።

«ሲኞራ፣ ገጹ አልሄደም። አወጣሁት። ያነበብኩልዎት ውሸት ነበር።»

ቁልቁል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አዩኝ፤ ሰው ለማየት ሲፈልጉ እንደዚያ ነው።

«ብሩኖ ነው?»

«ብሩኖ ጠየቀኝ። ያወጣሁት ግን እኔ ነኝ።»

«ለማን ብለሽ?»

«ለማክዳ። ለፔርሜሶዬ።»

«እኔም ለኔሎ ብዬ ነበር» አሉ።

ይቆጡኛል፣ ውጪ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጃቸውን ዘርግተው ጭንቅላቴን ፈለጉት፤ መጀመሪያ ጆሮዬን አገኙት። «እኔ ለመናገር ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጀብኝ። አንቺ ስንት ቀን ነው?»

ቆጠርኩ። «አሥራ ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ከእኔ ትሻያለሽ። ተነሺ፣ ጉልበትሽ ይታመማል። ኮምፒውተሩን አምጪ።»

አብረን ላክነው። «ከዚያ ቆጠራ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም እኮ» አሉ ደግሞ፣ እንደ ዋዛ። ሾርባውን ጨረሱት።

ታኅሣሥ 22

ሊንዚ፦ መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ሄዷል፤ መመለስ አይቻልም። ገጹን ግን ሦስት ጊዜ አንብባዋለች። «ለፓርቲው ምክር ቤት አቀርበዋለሁ። ኦሪሲያ በሕይወት አሉ። ለእሳቸው ልላክ?»

ሲኞራ ደግሜ እንዳነብላቸው አደረጉ። «ላኪ በያት።»

ታኅሣሥ 26

ብሩኖ ደወለ። አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻል ነበር። «አምኜሽ ነበር» አለ። «ኮንትራቶው አይታደስም።» ዘጋው። እናቱንም አላናገራቸውም።

ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ። ማክዳ በአማርኛ «ማማ፣ አይዞሽ» አለችኝ በሩ ላይ። በአማርኛ!

ጥር 3

እስከ ዛሬ ለሲኞራ አልነገርኳቸውም ነበር። ሥራ ልፈልግ መሆኔን ከሣባ ጋር በስልክ ሳወራ ሰሙኝ።

«ኮንትራቶውን የሚፈርመው ማን ነው?»

«ሲኞር ብሩኖ።»

«ለምን? አሠሪሽ እሱ ነው? ቤቱ የማን ነው? ጡረታውስ?» ቀይ ሆኑ። «ዓይኔ ደከመ እንጂ እጄ አልተቆረጠም። ካፖርቴን አምጪ።»

ታክሲ ይዘን የሠራተኛ ወረቀት የሚያስጨርሰው ቢሮ፣ ፓትሮናቶ፣ ሄድን። ሠራተኛው እኔን እያየ «ታየዋለች? ይገባታል?» ሲል ሲኞራ ጠረጴዛውን መቱት። «ለእኔ ንገረኝ! ወረቀት ስፈርም አንተ አልተወለድክም።» ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው። ፈረሙ። ፊርማው ከመስመር ወጥቷል፤ ተቀባይነት አለው አለ ሠራተኛው።

የካቲት 18

ስልኩ ሲጮኽ ካልሲ እየሰበሰብኩ ነበር። የካናዳ ቁጥር፣ ግን የብሩኖ አይደለም። ሲኞራ ቁልፉን ስለማያዩት እኔ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩላቸው። መስማቴ የግድ ሆነ።

«ኢዳ?»

«ኦሪሲያ።»

ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁት።

«ሁለት መቶ አሥራ አራት?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት።»

ኦሪሲያ ሳይጣደፉ ተናገሩ። ያኔ ማን እንደሚመርጣቸው በስም ጽፈው ይዘው ነበር። ሁለት መቶ አሥር ሰው ቃል ገብቶላቸዋል። ውጤቱ ሲነገር ዝርዝሩን አውጥተው ከሃዲ መፈለግ ጀመሩ። «እህቴን አገኘሁ። ባሏ ከኔሎ ጋር ይሠራ ነበር፤ እሷ ናት የሸጠችኝ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገርኳትም። ምክንያቱን እንኳ አልነገርኳት። ስትሞት ቀብሯ ላይ ከኋላ ቆሜ ተመለስኩ።»

ሲኞራ አፋቸውን ይዘው ነበር።

«ወንበሩን ውሰጂው፣ ኢዳ። የፓርላማ ወንበር ይቅርብኝ። እህቴን ግን እንዴት አድርገሽ ትመልሽልኛለሽ?»

ዘጉት።

የካቲት 19

ሲኞራ አልተነሡም።

የካቲት 27

ይህ ሁሉ የኔም ጥፋት ይሆን? ሣባ እንዳለችው ገጹ ቢቀር ኖሮ እሳቸው በሰላም ይሞቱ ነበር… ኦሪሲያም። አላውቅም። ስለ እህትየዋ አስባለሁ። እህቷ ለምን እንደዘጋቻት ሳታውቅ የሞተችዋን።

መጋቢት 14

ጉባኤው ተደረገ። ሊንዚ ጻፈች፦ ስሙ ተቀየረ። ሊበራል የሚለው ቀረ። መቶ ሠላሳ ሰው ነው የመጣው፣ አንድ ጊዜ ክፍለ ሀገሩን ይገዛ ለነበረ ፓርቲ። ገጹ መጽሐፉ ውስጥ ባይገባም በጉባኤው ላይ ሊንዚ ቆማ አንብባዋለች። የተነሣ ሰው የለም፣ ያጨበጨበ የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ባርኔጣውን አወለቀ።

ብሩኖ አልነበረም።

ሲኞራ «ስሙ ሞተ» አሉ። አላለቀሱም። «ሠላሳ አንድ ዓመት ያን ስም በየፖስታው ላይ ጻፍኩት። ደግ ሥራም ሠራንበት፣ ሰብለ። እሱም እውነት ነው፤ እንዳትረሺው።»

መጋቢት 17

ዛሬ ራሳቸው «ደውይልኝ» አሉ። ለአራት ሳምንት ዝም ብለው የተኙ መስሎኝ ነበር። ለካ ስምንቱን ወረቀቶች አንድ በአንድ ሲያስታውሱ ነው የከረሙት።

«ኦሪሲያ፣ አትዝጊው። አንድ ነገር ብቻ። እህትሽ ምን ነበር የምትሠራው?»

«ፖስታ ቤት» አሉ ኦሪሲያ፣ ቀዝቀዝ ብለው።

«ከጣልናቸው ወረቀቶች አንዱ በሐምራዊ እርሳስ ነበር ምልክት የተደረገበት። ምራቅ ሲነካው እንደ ቀለም የሚደምቀው፣ ፖስታ ቤት የሚጠቀሙበት ዓይነት። አዳራሹ ውስጥ ያስቀመጥነው እርሳስ ሁሉ ጥቁር ነበር። ሊቀ መንበሩ ‹ይቺ ሐምራዊ ናት፣ ጣያት› አለኝ። በእጄ ይዣታለሁ፣ ኦሪሲያ። ስምሽ ላይ ነበር።»

የስልኩ መስመር የተቆረጠ መሰለኝ።

«እንደዚያ ያለ እርሳስ…» አሉ ኦሪሲያ፣ «ጆሮዋ ላይ ሰክታ ነበር የምትዞረው። ሁልጊዜ። ትራሷ ሁሉ ሐምራዊ ነበር።»

ከዚያ አለቀሱ። ሲኞራም። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። «ሐሙስ ልደውል?» ነው ያሉት።

ሚያዝያ 6

ፔርሜሶዬ ወጣ። የሁለት ዓመት። የማክዳም። ሐሙስ ሐሙስ ኦሪሲያ ይደውላሉ፤ ስለ ጉልበታቸውና ስለ በረዶ ነው የሚያወሩት።

ሚያዝያ 24

ብሩኖ መጣ። ሳይደውል። በሩን ስከፍት ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ ጠጉሩ ከፎቶው ይልቅ ነጥቷል። «ቦንጆርኖ፣ ሰብለ» አለ፣ መሬት እያየ።

እናቱ ተኝተው ነበር። ወጥ ቤት ተቀምጦ፦ «ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ይስቁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ወተት ስገዛም ‹አየሩ እንዴት ነው› ይሉኛል። እሱ ነው የከበደኝ።» ከዚያ፦ «ገጹን ለምን መለስሽው?»

«እሳቸው አያዩም፤ እኔ እያየሁ ስለዋሸኋቸው» አልኩት። ሌላ ያሰብኩት መልስ ነበር። ይሄ ወጣ።

ሚያዝያ 28

ሦስታችን ኦስቲያ ሄድን። በብሩኖ ኪራይ መኪና። ባሕሩ ገና ይበርዳል። ሲኞራ በድምፁ ነው የሚያውቁት፤ «ማዕበሉ ዛሬ ሰነፍ ነው» አሉ።

ብሩኖ ብዙ ሲታገል ቆይቶ ጠየቀ። «አባቴ ያውቅ ነበር?»

ሲኞራ ገርሟቸው ዞሩ። «ገጹን አላነበብከውም?»

«ቁጥሮቹ ላይ ስደርስ ተውኩት።»

በቃላቸው ያውቁታል። ከቁጥሮቹ በኋላ ያለውን ነገሩት። ኔሎ አላወቀም። አንድ ቀንም አልጠረጠረም። አሥራ አንድ ዓመት ፓርላማ ተቀምጦ፣ ማንም ያላመነው የንጣፍ ሠራተኛ ሕዝብ መረጠኝ ብሎ፣ ለዚያ ሕዝብ እየሮጠ ታመመ።

ብሩኖ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ይህን ሁሉ ወር የፈራው ይሄን ነበር… አባቱ ያውቅ ነበር ወይ የሚለውን። እና አልጠየቀም። እኛም አልነገርነውም።

«ኦሪሲያ ተመርጣ ቢሆንስ ኖሮ?» አለ ቆይቶ።

«እንጃ። ምናልባት እንሸነፍ ነበር። ምናልባት እሷ ታድነን ነበር። አባትህ ግን ለራት ቤት ይገባ ነበር።»

ግንቦት 3

ብሩኖ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ገጹን በትልልቅ ፊደል እንዳትምለት ጠየቀኝ። የአዳራሹን ስም ነገር አልተናገረም። የኦሪሲያን አድራሻ ግን ጻፈ፤ ከቤቱ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው አለ። በሩ ላይ ቆሞ እናቱን «ምን ልበላት?» አላቸው፣ በስልሳ አንድ ዓመቱ።

«ምንም አትበል። ተቀመጥና እሷ ትናገር።»

ግንቦት 11

ሐሙስ። በሰዓቱ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁ። ኦሪሲያ አይደሉም፣ ብሩኖ ነው። ከኋላው ሳህን ይንቀጫቀጫል፣ የአሮጊት ሳቅ ይሰማል።

«ከእሷ ወጥ ቤት ነኝ። ጎመን አብዝታ አበላችኝ። እናቴ አለች?»

ለሲኞራ ስልኩን እጃቸው ላይ አደረግኩላቸው። እንደ ወትሮዬ አጠገባቸው ልቆም ነበር። ብሩኖ በዚያ በኩል ስልኩን ለኦሪሲያ ሲያቀብል ሰማሁ፤ ሲኞራ ደግሞ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ስልኩ አዞሩ።

ወጣሁ። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። እኔ በረንዳው ላይ ፀሐይ ሞቅሁ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲወጡም አልነገሩኝም፣ አልጠየቅሁም።